በቤት ታትሞ በእጅ የሚፈጸም ስጦታ፤ ዕውቀቱና ዋጋው

በእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው፥ ቀለም ቀብተው፥ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ለጎረቤትና ለዘመድ የሚያበረክቱት ሥዕል በአገራችን ካሉት የወረቀት ስጦታዎች ሁሉ ይልቅ የታወቀ ነው። ተቀባዩም እጁን ወደ ኪሱ ሳይሰድ አያሰናብታቸውም። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፍ ይሆናል፤ የንግድ ዓይን ላለው ሰው ግን ትምህርት አለበት። ጥሬ ዕቃው አንድ ቅጠል ወረቀት፥ መሣሪያው ባለ ቀለም እርሳስ፥ የገበያው ዘመን አንድ ቀን ሲሆን፥ ገንዘቡ የሚከፈለው ስለ ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ልጁ እጅ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየበሩ የሚመጣው ሥዕል ብዙ ጊዜ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ወይም ከኮምፒዩተር ታትሞ የወጣ ሆኗል። የሰጪው ትጋት ሲቀንስ የተቀባዩም እጅ እንደሚያጥር ልጆቹ ራሳቸው ሳያውቁት አልቀሩም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን፥ በተለይም እኅቶቻችን፥ በአንዲት ማተሚያና በአንድ መቀስ በቤታቸው የሠርግ መጥሪያ፥ የክርስትና መታሰቢያ፥ የምረቃ አልበምና የስጦታ ሣጥን እየሠሩ ይሸጣሉ። ሱቅ ሳይከራዩ፥ ብዙ ገንዘብም ሳያወጡ የሚጀመር ሥራ ስለ ሆነ የሚበረታታ ነው። ነገር ግን ከነዚሁ ሠራተኞች ጋር በተነጋገርንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ስሕተት ተደጋግሞ አግኝተነዋል፤ ይኸውም ዋናው ሸቀጥ ንድፉ ነው ብሎ ማሰብ ነው።

ንድፉ የሚገኘው እንዲህ ነው። አንድ ሠዓሊ በሚኖርበት አገር ሆኖ የአበባ፥ የጥልፍ መሰል ጌጥ፥ የሣጥን ቅርጽ ወይም የአልበም ገጽ ያዘጋጅና በፋይል መልክ በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ ያቀርበዋል። ከገበያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን የተቋቋመው ኤትሲ ነው። ገዥው ፋይሉን ተቀብሎ በራሱ ማተሚያ ያትማል፤ ይቆርጣል፤ ያጥፋል፤ ይለጥፋል። የዚህ ሁሉ ምንጭ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ስክራፕቡክ የሚባለው፥ ፎቶግራፍና ቁርጥራጭ ወረቀት እየተለጠፈ የቤተ ሰብ መታሰቢያ የሚጠበቅበት መዝገብ ነው። የመዝገቡ ፍቅር በአሜሪካ እጅግ የቆየ ስለ ነበረ ማርክ ትዌይን የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ሙጫው አስቀድሞ የተቀባ፥ ውሃ ሲነካው ብቻ የሚጣበቅ መዝገብ ፈልስፎ የፈጠራ መብት ተቀብሎበታል።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚስማማው ግን የለንደኑ ሄንሪ ኮል ታሪክ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1843 ጆን ካልኮት ሆርስሊ በተባለ ሠዓሊ የገና ካርድ አስነድፎ አሳተመ፤ በንግድ መልክ ከታተሙት የገና ካርዶችም የመጀመሪያው ይኸው እንደ ሆነ ይነገርለታል። ማተሚያው ያወጣው መስመሩን ብቻ ነበረ። ቀለሙ በካርዶቹ ላይ አንድ በአንድ በእጅ ተቀባ፤ ዋጋውም አንዱ 1 ሽልንግ ሆነ። ማተሚያና እጅ ሥራውን የተካፈሉበት አካሄድ እንግዲህ አዲስ አይደለም።

አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ይህን ነው። ያው ፋይል በያው ዋጋ ለጎረቤትም፥ በሌላ ከተማ ላለች ሴትም፥ ለራሱ ለደንበኛውም ይሸጣል። አትሞ መስጠት ብቻ ከሆነ ደንበኛው ነገ ማተሚያ ሲገዛ ሥራው ያበቃል። ሌላ ሰው በቀላሉ ሊገዛው የማይችለው የወረቀቱ ምርጫ፥ የልኩ ትክክለኛነት፥ የአጠፋፉ ንጽሕና፥ በፊደላችን በሚገባ የተጻፈው ስም ነው።

በልኩ እንጀምር። ይህን የሚጽፈው ሰው የሚያውቃት አንዲት ሠራተኛ ለመልስ እንግዶች የሚታደል የማር ጠርሙስ መያዣ 60 ሣጥን እንድትሠራ ታዘዘች። ጠርሙሱ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፥ የገዛችው ንድፍ 10.2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ በቂ ነው። ይሁን እንጂ ንድፉ የተዘጋጀው በአሜሪካ የወረቀት ልክ፥ ማለት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነበረ። እኛ የምንሠራበት ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ነው። ማተሚያውም ንድፉን ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት በራሱ ሥልጣን አሳነሰውና ከመቶ 97 ያህል አደረገው፤ የሣጥኑም ከፍታ 9.9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሠራተኛዋ ስድሳውንም ቆርጣና ለጥፋ ከጨረሰች በኋላ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ብታስገባ ክዳኑ አልገጥም አለ። የመልሱን ዋዜማ ሌሊት ሳትተኛ አደረች፤ የወረቀቱም ኪሣራ በእርስዋ ላይ ቀረ። መድኃኒቱ ቀላል ነበረ፤ በማተሚያው ትእዛዝ ላይ ትክክለኛ መጠን ወይም 100 ከመቶ የሚለውን መምረጥ፥ አንድ ብቻ አትሞ በማስመሪያ መለካት፥ ሣጥኑንም ዕቃው ገብቶበት ሳያዩ ሁለተኛውን አለማተም ነው። አንዳንድ ጠንቃቃ ነዳፊዎች በገጹ ጥግ ልኩ የታወቀ ትንሽ አራት ማዕዘን ይጨምራሉ፤ መመዘኛ ይሆን ዘንድ ነው።

ከልክ ጋር የጥራት ጉዳይ ተያይዟል። ለእጅ ሥራ የሚሆን ኅትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ቢኖረው መልካም ነው፤ ለሙሉ ኤ4 ገጽ ይህ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። ደንበኛ በስልክ የሚልከው ወርዱ 800 ነጥብ ብቻ የሆነ ፎቶግራፍ በጥራት የሚታተመው እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል፤ ወቀሳውም ለሠራተኛው ነው።

ወረቀትን በሚመለከት፥ ለደብዳቤ የሚያገለግለው ተራ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። ካርድና ሣጥን ግን ከ200 እስከ 300 ግራም ይፈልጋል። ማተሚያ በሚገዛበት ጊዜ ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቅ በፊት ስንት ግራም ወረቀት ለመሳብ እንደሚችል መጠየቅ ይገባል፤ እጅግ ወፍራሙን የማይቀበል ብዙ ነውና። ቀለሙም እንደዚሁ ይለያያል። በሌዘር ማተሚያ ላይ ቀለሙ በሙቀት ቀልጦ በወረቀቱ ፊት የሚጣበቅ ዱቄት ስለ ሆነ ወፍራም ካርድ ሲታጠፍ በእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ፈሳሽ ቀለም በሚረጨው ማተሚያ ይህ ችግር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በውሃ የሚሟሟው ዓይነት ጠብታ ሲነካው ይዘረጋል፥ ፀሐይም ያስለቅቀዋል። የማይሟሟ ደቃቅ ቀለም ያለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ለመታሰቢያ አልበም የሚመረጠው እርሱ ነው። አልበም ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው ከተባለ ወረቀቱም አሲድ የሌለበት መሆን አለበት፤ ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት እንደ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ ሆኖ የሚሰባበረው በውስጡ ባለው ነገር ምክንያት ነው።

ስለ አጠፋፍ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከመጻፋቸው በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግተው፥ ከነጥብ ወደ ነጥብ በወስፌው ጫፍ እየተጫኑ ያለ ቀለም ያሰምራሉ። ካርድም እንዲሁ ነው። በማስመሪያ ላይ ደንዘዝ ባለ ጫፍ ተጭኖ መስመሩን አስቀድሞ ጎድጎድ ማድረግ፥ ከዚያ በኋላ ማጠፍ ነው። ወረቀት ደግሞ ቃጫው የተኛበት አቅጣጫ አለው፤ ቀስ አድርጎ በሁለቱም ወገን ጎበጥ ቢያደርጉት ሳይታገል የሚታዘዝበት ወገን ይታወቃል። በዚያው ወገን የታጠፈ ካርድ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ በተቃራኒው የታጠፈው ግን ሸካራ ይሆናል። ለማጣበቂያ ኮላ ርካሽ ቢሆንም ውሃው ስስ ወረቀትን ስለሚያሸበሽብ፥ ለሰፊ ገጽ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ይሻላል።

አሁን ብዙዎች ወደማይወዱት ጉዳይ እንምጣ። ፋይል መግዛት ንድፉን መግዛት አይደለም። መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉን አሳትሞ ለመሸጥ እንደማይችል ሁሉ፥ ንድፍ የገዛም የሚፈቀድለት በሽያጩ ውል የተጻፈው ብቻ ነው። ለግል ጥቅም ብቻ ተብሎ የተሸጠ ንድፍ ለእኅት ልጅ ልደት ይሆናል፤ ለደንበኛ ተሠርቶ ገንዘብ ሊቀበሉበት ግን አይገባም። ለንግድ የተፈቀደውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የቅጂ ቁጥር ይወሰንበታል፤ ፋይሉን ራሱን ለሌላ ማስተላለፍም የተከለከለ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ፥ የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት እንዲጠበቅ ደንግጓል። በተለይ የሚያሠጋው በልጆች ልደት ካርድ ላይ የሚታተሙት የታወቁ የፊልም ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ ፋይሉን የሸጠው ሰው ራሱ ባለ መብት ላይሆን ይችላልና። ውሉንና ደረሰኙን አትሞ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ማስቀመጥ የማይከብድ ልማድ ነው።

ይህ ጭንቀት የማይነካው ሀብት በእጃችን አለ። በጥንት የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚታየው እርስ በርሱ የተጠላለፈው ሐረግ፥ የነጠላና የቀሚስ ጥበብ፥ የሐረር የስፌት ጌጥ፥ ሁሉም ለካርድና ለመጠቅለያ የሚሆን ንድፍ ነው። የሸማ ጥበብ በተለይ ምቹ ነው፤ በድርና በማግ የተቆጠረ ስለ ሆነ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ በቀላሉ ይገለበጣል፤ ከዚያም በኮምፒዩተር ይደጋገማል። በሥራ ላይ ያለ ሸማኔ ራሱ ያወጣውን ጥበብ ግን ሳያስፈቅዱና ሳይከፍሉ መውሰድ ነውር ነው። ሐረግም ቢሆን ልከኝነት ይፈልጋል፤ ከወንጌል ራስጌ የተነሣ ጌጥ ለክርስትና መታሰቢያ ያምራል፥ በሳሙና መጠቅለያ ላይ ሲታይ ግን ገዥውን ቅር ያሰኛል።

የፊደሉም ነገር አለ። የውጭ አገር ንድፎች ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ ስለ ሆኑ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ሲጽፉበት ባዶ ሣጥን ብቻ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፤ አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾችም በነጻ ፈቃድ የተሰጡ ስለ ሆኑ ለንግድ ሥራ ያለ ሥጋት ያገለግላሉ። ከሁሉ የሚያምረው ግን ለስሙ ቦታ ክፍት ትቶ በብዕር መጻፍ ነው። ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አይታጣም፤ ለርሱም የሥራ ዕድል ነው።

በመጨረሻ ስለ ዋጋ። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ሣጥን ወረቀቱ 15 ብር፥ ቀለሙ 10 ብር፥ ጥብጣቡና ማጣበቂያው 5 ብር ይፈጃል ብለን እንገምት፤ ድምሩ 30 ብር ነው። ከ11 አንዱ ቢበላሽ፥ ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው ወጪው 33 ብር ይሆናል። ሠራተኛዋ 30 ብር ያስወጣኛል ብላ በ40 ብር ስትሸጥ 10 ብር ያተረፈች ይመስላታል፤ በእውነቱ 7 ብር ነው። አንዱ ሣጥን 12 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ለ50 ሣጥን 10 ሰዓት ሠርታ ያገኘችው 350 ብር ነው፤ ለሰዓት 35 ብር ማለት ነው። ከዚያም ላይ የመብራትና ማተሚያው ሲያረጅ የሚተካበት ገንዘብ ገና አልተነሣም። ሰዓቷን 100 ብር ብትገምተው የሣጥኑ ዋጋ ቢያንስ 53 ብር መሆን ነበረበት። ደንበኛው ውድ ነው ይላል ተብሎ ይፈራል፤ ይህም እውነት ነው፤ የታተመውን ብቻ ለሚያይ ደንበኛ በእርግጥ ውድ ነው።

ያቺ የማር ሣጥን የተበላሸባት ሠራተኛ ለዚህ ያገኘችው ዘዴ ሁለት ዓይነት ናሙና ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንዱ እንዳለ የታተመ ነው። ሁለተኛው መስመሩ ብቻ ታትሞ፥ የዐደይ አበባው ቢጫ በብሩሽ የተቀባ፥ ስሙም በብዕር የተጻፈ ነው፤ ዋጋውም በአጠገቡ ተለጥፏል። ሁለቱን በእጃቸው ይዘው ካዩት ደንበኞች ብዙዎቹ ሁለተኛውን እንደሚያዝዙ ነግራናለች። የእንቁጣጣሽ ወረቀቷን በሰኔ ወር ትገዛለች፤ ትእዛዝ ከሐምሌ ጀምሮ ትቀበላለች፤ ነሐሴ ሲጋመስም ደብተሯን ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚወሰድ ነውና።