ንቦቹ ጥለውት የሄዱት የማር እንጀራ
በጓሮ ዛፍዎ ላይ ቢያገኙት ከመቅመስዎ በፊት ምን ማየት አለብዎት?

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ቆቃ ካለው ቤትዎ ጓሮ ልጆቹ ከግራሩ ሥር ሲጫወቱ አንደኛው ቀና ብሎ «ማር! ማር!» እያለ ይጮኻል። ወጥተው ሲያዩ እውነትም ሁለቱ ቅርንጫፎች ከሚለያዩበት ጎድጓዳ ውስጥ የማር እንጀራ ጎን ለጎን ተንጠልጥሏል። ንብ ግን አይታይም። ጎረቤት መሰላል ያመጣል፤ ከቤት ቢላና ሳህን ይወጣል፤ አያት ደግሞ «ለሕፃኑም ትንሽ አልሱት፤ መድኃኒት ነው» ይላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ያ የማር እንጀራ ሊበላ ይችል ይሆናል፤ ላይበላም ይችላል። ለሕፃኑ ግን ከየትኛውም ዛፍ ቢወርድ አይሆንም። ለምን እንደሆነ እንመልከት።

በእርግጥ ሄደዋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። የአገራችን ንብ ቤቱን ሲነኩበት በቀላሉ የሚቆጣ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ቤት ያስገቡ፤ እርስዎም ራቅ ብለው ፀሐይ ሞቅ ስትል ለሁለት ለሦስት ቀን ይመልከቱ። ንቦች እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ከገቡ ቤቱ ባለቤት አለው ማለት ነው። አልፎ አልፎ የሚመጡና ዱቄት የማይሸከሙ ከሆነ ግን ከሌላ ቦታ መጥተው የተረፈውን ማር የሚዘርፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ንብ ካለ ድንጋይ አይወርውሩ፤ ነጭ ጋዝም አይርጩ፤ እሳትም አያንድዱ። በአካባቢዎ ያለውን የግብርና ባለሙያ ወይም ልምድ ያለው አናቢ ይጥሩ። በድንገት የተነደፈ ሰው ቢኖር ከቦታው በፍጥነት ያርቁትና መንደፊያውን በጥፍር ፈግፍገው ያውጡለት። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ጊዜ ሳያባክኑ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

ለምን ሄዱ?

የአፍሪካ ንቦች ቤታቸውን ጥለው በመኮብለል የታወቁ ናቸው። በስምጥ ሸለቆ በጋው ሲበረታ አበባና ውኃ ይጠፋል፤ ሙቀቱም ይከብዳል። ያኔ መንጋው ተነሥቶ የተሻለ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። ጉንዳን ሲወርራቸው ወይም ሰው ደጋግሞ ሲያስቸግራቸውም እንዲሁ ነው።

እንጀራው ራሱ አካሄዳቸውን ይናገራል። ባዶና ንጹሕ ከሆነ ተዘጋጅተው ነው የሄዱት፤ ስንቃቸውን በልተው ጨርሰዋል። ማሩ በሰም እንደተከደነ፣ እጩም በየጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ከተገኘ ደግሞ አንድ ነገር በድንገት አባሯቸዋል። ድር የመሰለ ነገርና ጥቁር ኩስ ከሞላበት የሰም ትል ገብቶበታል። ይህ ትል የትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ልጅ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው መንጋው ከደከመ ወይም ከሄደ በኋላ ነው።

በጣም የሚያሳስበው ከዛፉ ሥር የሞቱ ንቦች ተከምረው ከተገኙ ነው። ቆቃ ዙሪያ በመስኖ የሚለማ ቲማቲምና ሽንኩርት በብዛት አለ፤ ተባይ ማጥፊያም ይረጫል። ንብ ለቀሰም 2 እና 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትሄድ የእርስዎ ጓሮ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ማሩን አይቅመሱ።

ይበላል ወይ?

ከላይ ያልነው ምልክት ከሌለ፣ እንጀራው በሰም የተከደነ፣ ትል የሌለበትና ሽታው የማር ብቻ ከሆነ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ክዳን የሌለው ማር ውኃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይፈላል፤ መጥፎ ሽታ ያለው ወይም የሞተ እጭ የተቀላቀለበትም መጣል አለበት። ከቁልቋል አበባ የተቀሰመ ማር ደግሞ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ አዋቂ ሰው ጥቂት ብቻ ይቅመስ። ካጠራጠረዎት ይተዉት። ማር ከገበያ ይገዛል።

ለሕፃን ግን በፍጹም

አያት የተናገሩት ከፍቅር ነው፤ ለአራስ ልጅ ማር ማላስ በብዙ ቤት የኖረ ልማድ ነው። ነገር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር መስጠት አደገኛ ነው። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የአዋቂ አንጀት ይቋቋመዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና አልጠነከረም። ዘሩ እዚያ አድጎ መርዝ ይሠራል። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፤ መጥባት ያቅተዋል፤ ለቅሶው ይደክማል፤ አንገቱ ይልፈሰፈሳል፤ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ማሩን ማፍላት ይህን ዘር አያጠፋውም። ንጹሕና ውድ ማር መሆኑም አያድንም።

ለአያት በአክብሮት እንዲህ ይበሏቸው፦ «እማዬ፣ ልደቱን ሲያከብር እርስዎ ራስዎ ያልሱታል።» ክብራቸውም ይጠበቃል፤ ልጁም ይተርፋል።

ሰሙን አይጣሉት

ማሩ ባይበላም ሰሙ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ በዓለም ብዙ ሰም ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ጧፍም የሚሠራው ከዚሁ ነው። እንጀራውን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ውኃ ባለበት አሮጌ ድስት ውስጥ በለስላሳ እሳት ያሙቁት። ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይቀልጣል። ጨርቁን በእንጨት ተጭነው ይጭመቁት፤ ሲበርድ ሰሙ ከላይ ረግቶ ያገኙታል። ውኃ በሌለበት ድስት እሳት ላይ አይጣዱት፤ ሰም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ልጆችም እንዳይጠጉ ያድርጉ። የረጋውን ሰም ለሻማ ወይም የእንጨት ዕቃ ለመወልወል ይጠቀሙበታል።

ይመለሱ ይሆን?

የድሮው ሰም ሽታ አዲስ መንጋ ይጠራል። ከክረምት በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ አበባው ሲፈነዳ ቤት የሚፈልጉ መንጎች ይዞራሉ። ቤትዎ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ወይም የንብ ንድፊያ የማይስማማው ሰው ካለ ሰሙን ጠርገው ጎድጓዳውን ይድፈኑት። እንዲመለሱ ከፈለጉ ግን ዛፉን ለቀቅ አድርጉላቸውና ከሰው መተላለፊያ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ቀፎ ያኑሩ። በበጋም ጠጠር የተደረገበት ሳህን ውኃ ያስቀምጡ፤ ጠጠሩ ንቦቹ ሳይሰምጡ ቆመው እንዲጠጡ ነው።

ልጆቹ ያን ጊዜ ቀና ብለው «ማር!» ብቻ አይሉም። ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሄደና እንዴት እንደሚመለስ ያውቃሉ።