የገጠመኝ ትውስታ

የገጠመኝ ትውስታ አንድ ሰው በሕይወቱ የደረሰበትን ነገር ከቦታውና ከጊዜው ጋር አያይዞ የሚያስታውስበት የአእምሮ ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከእውቀት ትውስታ ለይቶ ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤንደል ተልቪንግ ነው። የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. መደረጉን ማወቅ የእውቀት ትውስታ ነው፤ ይህን የተማሩበትን ክፍልና የመምህሩን ድምፅ ማስታወስ ግን የገጠመኝ ትውስታ ነው።

አያያዙ

አንድ ገጠመኝ በአንጎል ውስጥ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ የለም። ያዩትን የሚይዘው የአንጎል ክፍል ሌላ ነው፣ የሰሙትን የሚይዘውም ሌላ። እነዚህን የሚያስተሳስራቸው ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል ነው።

የሂፖካምፐስ ጥቅም በግልጽ የታወቀው በሄንሪ ሞላይሰን ምክንያት ነው። ይህ አሜሪካዊ በሚጥል በሽታ ክፉኛ ይሠቃይ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በ27 ዓመቱ ሐኪሙ ዊሊያም ስኮቪል ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስን በከፊል ቆርጦ አወጣለት። በሽታው ቀለል አለ፤ ሞላይሰን ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ገጠመኝ መያዝ አቃተው። ልጅነቱን ያስታውሳል፣ በደንብም ያወራል፤ ለብዙ ዓመታት ያጠናችውን ብሬንዳ ሚልነርን ግን በመጣች ቁጥር እንደ እንግዳ ይቀበላት ነበር። የሚገርመው፣ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ ኮከብ መሣልን ሲለማመድ ከቀን ወደ ቀን ይሻሻል ነበር፤ ከዚያ በፊት መሞከሩን ግን አያስታውስም። የእጅ ልምድ የሚያዘው በሌላ መንገድ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ ስሙ ለሕዝብ አልተገለጸም ነበር።

ማስታወስ

ትውስታን ከኮምፒውተር ፋይል ጋር ማመሳሰል የተለመደ ቢሆንም አሳሳች ነው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር ያው ነው። ሰው ግን ሲያስታውስ ገጠመኙን ከቁርጥራጮች እንደገና ይገነባዋል፤ የጎደለውንም በግምት ወይም ከሌላ በሰማው ይሞላዋል።

ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የመኪና ግጭት በፊልም አዩ። ከዚያም አንዳንዶቹ መኪኖቹ «ሲላተሙ»፣ ሌሎች ደግሞ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት እንደነበር ተጠየቁ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ጠንካራውን ቃል ከሰሙት 32 በመቶ፣ ቀላሉን ከሰሙት 14 በመቶ «አዎ» አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ጉዳዩ በፍርድ ቤት ከባድ ይሆናል። በአሜሪካ በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነፃ ከወጡ እስረኞች ብዙዎቹ የተፈረደባቸው የዓይን ምስክር በስህተት «እሱ ነው» ስላላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ምስክር የግድ ውሸታም አይደለም፤ የተናገረውን ከልቡ ሊያምንበት ይችላል።