ፈረሱ የሚያየው አጥር

በብሪታንያ የዝላይ ፈረስ ውድድር የአጥሮቹ ምልክት ለብዙ ዘመን ብርቱካናማ ቀለም ሲቀባ ኖሯል። ቀለሙ ከሩቅ ጎልቶ ይታያል፤ ለሰው። የፈረስ ዓይን ግን ቀለም የሚለይባቸው ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ የእኛ ሦስት ነው። ስለዚህ ብርቱካናማው ከሣሩ አረንጓዴ ጋር ይመሳሰልበታል። የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ፈትሸው ነጭ፣ ደማቅ ቢጫና ደማቅ ሰማያዊ ለፈረስ የተሻለ እንደሚታዩ አሳዩ፤ የውድድሩ አስተዳዳሪዎችም ወደ ነጭ ዞሩ። ፈረሱ ሊዘለው የሚገባውን እንጨት ያን ሁሉ ዓመት ቀለም የመረጠለት የሰው ዓይን ነበር። ግኝቱ የልኬት እንጂ ዓይን ላይ የሚጠለቅና ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ውጤት አይደለም። ይህን ስህተት ለአንድ የፈረስ አሠልጣኝ በደቂቃ ውስጥ በገዛ ዓይኑ ለማሳየት ግን ቨርቹዋል ሪያሊቲ ምቹ መሣሪያ ነው።

ፈላስፋው ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ፣ ስለ ሌሊት ወፍ አካል የቱንም ያህል ብናውቅ የሌሊት ወፍ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል እንደማናውቅ ተከራክረዋል። ትክክል ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ ግሪዝዴል ጫካ ውስጥ ማርሽማሎው ሌዘር ፊስት የተባለው የጥበብ ቡድን ከዛፎች ላይ ክብ የቨርቹዋል ሪያሊቲ የራስ ቁር አንጠልጥሎ ጫካውን በእንቁራሪትና በጉጉት ዓይን ሲያሳይ፣ ጎብኚው ያየው የሠዓሊዎቹን ግምት ነው። አደጋው ግምቱ እንደ እውነት ሲወሰድ ነው። ንብ አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች፤ የመነጽሩ ስክሪን ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው የሚያወጣው። በ«ንብ ዓይን» ፊልም ላይ የምናየው ሐምራዊ አበባ የፊልም ሠሪው ምርጫ ነው፤ ተማሪው ይህ ካልተነገረው ውሸት ተምሮ ይወጣል። ማንቲስ ሽሪምፕ የተባለው የባሕር እንስሳ ደግሞ 12 ዓይነት የቀለም ተቀባይ አለው። ብዙዎች ዓለሙ በቀለም የተጥለቀለቀ ይመስላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሙከራ ግን ተቀራራቢ ቀለሞችን ለመለየት ከሰው እጅግ እንደሚያንስ አሳየ።

ታዲያ በመነጽሩ ፈንታ ሥዕል አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ለቀለም አዎ፣ ይበቃል። ለእይታ ስፋት ግን አይበቃም። የላም ዓይኖች በጭንቅላቷ ጎንና ጎን ስለሆኑ ከኋላዋ ካለች ጠባብ ክፍተት በቀር ዙሪያዋን ታያለች፤ ይህን ወረቀት አይይዘውም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በእጅና በጉልበታቸው ተንበርክከው በመነጽር ላም የሆኑበት ሙከራ ከተፈጥሮ ጋር ያላቸውን የመተሳሰር ስሜት ከፍ አድርጓል። መልካም ነው፤ እኔ ግን ከስሜቱ ይልቅ ሥራውን እሻለሁ። የእንስሳት ሳይንቲስቷ ቴምፕል ግራንዲን ለአሥርተ ዓመታት እንዳስተማሩት ከብት በሚነዳበት መተላለፊያ ላይ የሚደነግጠው ብዙ ጊዜ በወለል ጥላ፣ በብረት ነጸብራቅ ወይም በተንጠለጠለ ሰንሰለት ነው። እረኛው ግን ከብቱ ግትር ነው ብሎ ይገርፈዋል። መነጽሩን አስቀድሞ ማጥለቅ ያለበት የመተላለፊያውን ንድፍ የሚያወጣው መሐንዲስ ነው፤ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት።