ከማዕረግ ፋይሉ ጀርባ

ይህን ጉዳይ ስብሰባ ላይ የሚያነሳው የለም፤ የሚወራው ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ነው። የአንድ የሕክምና ተመራማሪ የማዕረግ እድገት ፋይል ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ ከተቀመጥነው መካከል ጽሑፎቹን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ማግኘት ይከብዳል። ጊዜ የለም፣ ፋይሉም ብዙ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው፦ ኤች ኢንዴክስ።

ስሌቱን ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005። የአንዲት ሐኪም ኤች ኢንዴክስ 15 ነው ከተባለ፣ ቢያንስ 15 ጽሑፎቿ እያንዳንዳቸው 15 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። ቀላል ስለሆነ ሁሉም ወደደው። ግን የዚያው ሰው ቁጥር፣ በዚያው ቀን፣ ጎግል ስኮላር ላይ ከፍ፣ ስኮፐስ ላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ ገና ያልተገመገመውንም እየለቀመ ይቆጥራል፤ ስኮፐስ የሚቆጥረው መርጦ ያስገባቸውን መጽሔቶች ነው። አመልካቹ የትኛውን ይዞ እንደሚቀርብ መገመት አያዳግትም። የሁለት ተወዳዳሪዎች ቁጥር ከአንድ ምንጭ መወሰዱን የሚጠይቅ ሰው ያለበት ስብሰባ ጥሩ ስብሰባ ነው።

የእኛ አገር ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እነዚህ መዝገቦች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ተመራማሪው አንዱን ጽሑፍ በአባቱ፣ ሌላውን በአያቱ ስም ከላከ፣ መዝገቡ ሁለት ሰው አድርጎ ሊይዘው ይችላል። አባታቸው ከበደ የሚባል አበበ፣ አልማዝና አስቴር ደግሞ ሁሉም «ኤ. ከበደ» ተብለው አንድ ሰው ሆነው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። አንዲት የሕፃናት ሐኪም ፋይሏ ሲመጣ ቁጥሯ አንሶ ገረመኝ፤ ሥራዋን አውቀዋለሁና። አብረን ተቀምጠን መዝገቡን ከፈትነው። የአባቷን ስም በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ «ኤስ»፣ አንዳንዴ በሁለት ስትጽፍ ኖራለች። አራስ ሕፃናትን ስለሚያጠቃው የደም ኢንፌክሽን የጻፈቻቸው፣ ብዙ የደከመችባቸው ሥራዎች፣ ማንም በማያያት ሌላ «ሴት» ስም ተቀምጠዋል። ደግነቱ ይስተካከላል፤ ጥያቄ ይላካል፣ መዝገቡም ይዋሐዳል። ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አሃዝ መለያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ወጣት ሐኪሞች የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ከመላካቸው በፊት ቢያወጡት ስንት ጣጣ ይቀርላቸዋል!

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ምርምር ትብብር። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ስሙ መጀመሪያ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሠራውና የጻፈው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ምርምሩን የመራው። መሃል ላይ የቆሙት ብዙ የደከሙም፣ ምንም ያልነኩም ሊሆኑ ይችላሉ። ኤች ኢንዴክስ ሁሉንም እኩል ይቆጥራል። እኔ ፋይል ሲሰጠኝ ቁጥሩን ትቼ የስሞቹን ዝርዝር በጣቴ እየተከተልኩ አመልካቹ የት የት እንደቆመ አያለሁ። ደሙ የተቀዳው እዚህ፣ በሽተኛው ክትትል የተደረገለት እዚህ ሆኖ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ስም የባሕር ማዶ ሲሆን ያንን «ዓለም አቀፍ ትብብር» ብሎ ማድነቅ ያሳዝነኛል።

ጥፋቱ የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት መስፈርት አስቀምጧል፦ በጥናቱ ሐሳብ ወይም መረጃ ላይ ጉልህ ድርሻ መኖር፣ መጻፍ ወይም ይዘቱን በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂነት መውሰድ። አራቱም መሟላት አለባቸው። የድጋፍ ደብዳቤ የፈረመ ኃላፊ አንዱንም አያሟላም፤ ስሙ ግን ይገባል። ወጣቱ ተመራማሪም እንቢ ለማለት አቅም የለውም።

ሌላም አለ። ሲያትል ያለው የጤና መለኪያ ተቋም የሚመራው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ላንሴት ላይ ሲወጣ፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተባባሪዎች ይሰለፋሉ፤ በርካታ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ጥናቱ ጠቃሚ ነው፣ በዓለም ሁሉ ይጠቀሳል። ግን እንዲህ ያሉ ጥቂት ጽሑፎች ላይ ስሙ የገባ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ላቦራቶሪ ውስጥ ከባጀ መምህሩ በመጠቀስ ብዛት ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ መደመር ፍርደ ገምድልነት ነው።

መጠቀስ ራሱም ምስጋና ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ 12 ልጆች ላይ የተመሠረተው የዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 ከላንሴት ተሰርዟል። ሊነቅፉት የጠቀሱት ሁሉ ቁጥሩን ከፍ አድርገውለታል።

በሌላው ጫፍ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ አለች። እ.ኤ.አ. በ1977 የወባ መድኃኒቱን የአርቴሚሲኒንን ቅርጽ ያሳወቀው ጽሑፍ የወጣው በቡድን ስም ነው፤ የማንም ግለሰብ ስም የለበትም። የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራትም፤ ውጭ አገርም አልተማረችም። ኖቤል የደረሳት በ2015 ነው። ከዚያው መድኃኒት የተገኘው ኮአርተም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ስንቱን የወባ በሽተኛ አድኗል። የዚያ ዘመን ፋይሏ ለእኛ ኮሚቴ ቢቀርብ በመጀመሪያው ማጣሪያ ትወድቅ ነበር፤ ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ አዘጋጆችና አሳታሚዎች ያወጡት መግለጫ፣ ሰውን ባሳተመበት መጽሔት ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ይላል። ልክ ነው፤ ያ ቁጥር የመጽሔቱ እንጂ የጽሑፉ አይደለም። እኛም ደንባችን እስኪቀየር መጠበቅ የለብንም። ገምጋሚ የሆናችሁ፣ አመልካቹ ራሱ የመረጣቸውን ሦስት ጽሑፎች አስቀርቡና አንብቧቸው፤ ከዚያ «እዚህ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ የቱ ነው?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ።