የሌለ ብርጭቆ እንዴት እውነት ይመስላል?

በኢንተርኔት የዕቃ ማስታወቂያ ስናይ፣ ብርጭቆው ውኃ ሞልቶበት ሲያብረቀርቅ ፎቶ የተነሣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ካሜራ አጠገቡ አልደረሰም፤ ብርጭቆው ራሱ የለም። ነታንያና ሪሾን ሌጽዮን ሱቅ ያለው የስዊድኑ ኢኬያ እ.ኤ.አ. በ2006 አንዲት የእንጨት ወንበር በኮምፒውተር ሠርቶ አወጣ። በ2014 ደግሞ ከዕቃዎቹ ሥዕሎች 75 ከመቶ ያህሉ የኮምፒውተር ሥራ መሆናቸው ተነገረ።

ወንበር ቀላል ነው። እንጨት ብርሃን አያሳልፍም፤ ቀለሙንና ጥላውን ካሳመሩት ይበቃል። ብርጭቆ ግን የራሱ መልክ የለውም ማለት ይቻላል። በእሱ ውስጥ የምናየው ከኋላው ያለውን ግድግዳ፣ ከፊቱ ያለውን መስኮትና መብራት ነው። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ለመሥራት ቤቱን በሙሉ መሥራት ግድ ይላል።

ጠጅ በብርሌ የጠጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ከብርሌው ጀርባ ያለ ጣት ሰፍቶ፣ ተጣሞ ነው የሚታየው። ብርሃን አዘንብሎ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ መንገዱ ይታጠፋል። ይህም ቁጥር አለው፦ ውኃ 1.33፣ ተራ ብርጭቆ 1.5 ገደማ፣ አልማዝ 2.42። ባለሙያው ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። በስሕተት የአልማዙን ቢሰጠው፣ የሻይ ብርጭቆው እንደ ቀለበት ፈርጥ ያብለጨልጫል።

መንገዱን የከፈተው አሜሪካዊው ተርነር ዊትድ ነው። በ1980 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮምፒውተሩ ከተመልካቹ ዐይን ተነሥቶ የብርሃኑን መንገድ ወደ ኋላ እንዲከተል፣ ብርጭቆ ሲያገኝም ሁለት ቦታ ከፍሎት፣ የሚመለሰውንም የሚያልፈውንም እንዲከተል አደረገ። ያኔ አንዲት ሥዕል 74 ደቂቃ ፈጀች። ዛሬ ልጆቻችን በሚጫወቱበት ኮምፒውተር በሰከንድ ውስጥ ያልቃል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በጣም ንጹሕ የሆነ ብርጭቆ ዐይንን አያሳምንም። ስለዚህ ሆን ብለው አቧራ፣ የጣት አሻራ፣ ትንሽ ጭረት ይጨምሩበታል። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲባል ነው ያደግነው፤ እዚህ ግን ዕቃ የሚያስመስለው ጭረቱ ሆነ!

ማጭበርበር ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ዕቃው ሱቅ ውስጥ አለ። ሥዕሉ ግን ክብደቱንና ውፍረቱን አይነግረንም። መጠኑ ከሥር በሴንቲሜትር ተጽፏልና ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቹን አስነብቡ። ሱቁ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሄዳችሁ አንሡት፣ በጥፍር መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙት።