ማንም የማይቆጣጠረው ጾም፦ ረመዷን በሕጉና በኑሮው

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማዕዱ ቀርቧል። ቴምሩ በሳህን፣ ውሃው በብርጭቆ ተቀምጧል፤ ሾርባው ይጨሳል። ከንጋት ጀምሮ እህል ውሃ ያልቀመሰ ሰው ከማዕዱ ፊት ተቀምጦ እጁን አይሰድም። ዘበኛ አልቆመበትም። ቀትር ላይ በሩን ዘግቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢጨልጥ እንኳ ማንም አያውቅበትም ነበር።

ሶላት ይታያል፣ ዘካ ይቆጠራል፣ ለሐጅም አገር አቋርጦ መሄድ ያስፈልጋል። ጾም ግን አለማድረግ ስለሆነ ለዐይን አይገባም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጾም ለአላህ የተለየ ሥራ እንደሆነ፣ ምንዳውንም ራሱ እንደሚከፍል ከጌታቸው አስተላልፈዋል። ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ይህን ሲያብራሩ ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ስውርነቱ ነው።

በዐረብኛ «ሰውም» መታቀብ ማለት ነው። የዒሳ እናት መርየም ሰው ላለማናገር የተሳለችውን ዝምታ ቁርኣን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የረመዷን ጾም ግዴታ የሆነው በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ (624 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ድንጋጌው በሱረቱል በቀራ ከቁጥር 183 እስከ 187 ይገኛል። ጾም ለቀደሙት ሕዝቦችም የተደነገገ መሆኑንና ግቡ ተቅዋ፣ ማለትም አላህን መፍራት እንደሆነ እዚያው ተነግሯል።

ሕጉ መጀመሪያ ከበድ ያለ ነበር። ከመሸ በኋላ ሳይበላ እንቅልፍ የወሰደው ሰው እስከ ማግስቱ ምሽት መብላት አይችልም ነበር። ቀይስ ኢብን ሲርማ የተባለ የመዲና ሰው ሲደክም ውሎ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ የሚበላ ልትፈልግለት ወጥታ ስትመለስ ተኝቶ አገኘችው። በማግስቱ ቀትር ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ መብላትና መጠጣት ተፈቀደ፤ ወሰኑም ነጩ ክር ከጥቁሩ እስኪለይ ድረስ ሆነ። ዐዲ ኢብን ሓቲም የተባለ የነቢዩ ባልደረባ ነገሩን እንዳለ ወስዶ፣ ሁለት ክሮች ትራሱ ሥር አድርጎ ሌሊቱን ሲያያቸው አደረ። ነቢዩ የሌሊት ጨለማና የንጋት ብርሃን ማለት መሆኑን አስረዱት።

ሕጉ የቆመው በሁለት ነገር ነው፤ በኒያ (በጾም ሐሳብ) እና በመታቀብ። ኒያ ቦታው ልብ ነው። በሻፊዒ የሕግ መንገድ (መዝሀብ) በየሌሊቱ መታደስ ሲኖርበት፣ በማሊኪ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ወሩን ሙሉ ማሰብ ይበቃል። መታቀቡ ከንጋቱ ፈጅር እስከ መግሪብ ከምግብ፣ ከመጠጥና ከተራክቦ ነው። ረስቶ የበላ ሰው፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ፣ ጾሙ አልፈረሰም። አውቆ በቀን ተራክቦ የፈጸመ ግን ከፋራ (ማካካሻ) አለበት፤ 60 ቀን በተከታታይ ይጾማል፣ ካልቻለ 60 ችግረኞችን ያበላል።

ሕመምተኛና መንገደኛ ቢያፈጥሩ በሌላ ጊዜ ጾመው ቀዷ ያወጣሉ። የወር አበባ ወይም የወሊድ ደም ላይ ያለች ሴት አትጾምም፤ ቀኖቹን ኋላ ትከፍላለች። አቅሙ የከዳው አዛውንትና ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ሕመምተኛ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ በማብላት ፊድያ ይሰጣሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም ወሩ ሳይገባ ሐኪሙን ማማከሩ ተገቢ ነው።

በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢማም አልገዛሊ ጾምን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። የመጀመሪያው የሆድና የብልት ጾም ነው። ሁለተኛው ዐይን፣ ጆሮ፣ ምላስ፣ እጅና እግር ከኃጢአት የሚጾሙት ነው። ሦስተኛው ልብ ከአላህ ሌላ ካለ ሐሳብ ሁሉ የሚጾምበት ነው። ጾሙ እየረቀቀ በሄደ ቁጥር ከሰው ዐይንም እየተሰወረ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የግል ነው፤ ረመዷን ግን የብቻ ወር አይደለም። ከንጋት በፊት ለሚበላው ሰሁር ቤተሰብ ይቀሰቀሳል፣ ሌሊት የተራዊህ ሶላት በጀመዓ (በኅብረት) ይሰገዳል፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች የውሳኔዋን ሌሊት፣ ለይለተል ቀድርን የሚጠብቁ መስጊድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ይገባሉ። የዒድ ሶላት ሳይሰገድ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ገደማ እህል፣ ዘካተል ፊጥር ተብሎ ለችግረኛ ይወጣል።

የጨረቃ ዓመት ወደ 354 ቀን ስለሆነ ወሩ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። አዲስ አበባ ላይ ጾሙ ሁልጊዜም ከ13 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ስቶክሆልም ያለ ሰው ግን ረመዷን ሰኔ ላይ ሲውልበት ከ18 ሰዓት በላይ ይጾማል።

በ2017 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዷን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ። ሥርዓታቸው ይለያያል፤ ክርስቲያኑ ሥጋና ወተት እስከ ፋሲካ አይነካም፣ ለሙስሊሙ ግን ከመግሪብ በኋላ ሁለቱም ተፈቅደውለታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎረቤቱን ለአፍጥር የሚጠራ ቤት ሳምቡሳውን በሥጋ ሳይሆን በምስር ይሞላዋል። ሁለቱም ከአንድ ሳህን ያነሳሉ፤ ማንም የማንንም ጾም አያፈርስም።

ሐረር ላይ ወሩ በዒድ አያበቃም። ከቀጣዩ የሸዋል ወር ስድስት ቀን የሱና ጾም ይጾምና ሸዋል ዒድ ይከበራል፤ ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ጾሙ በፈቃድ ነው፤ በዓሉ ግን የከተማው ነው።

አዛን ተሰማ። ማዕዱን የከበቡት እጆች አብረው ወደ ቴምሩ ተዘረጉ። ቀኑን ግን እያንዳንዱ የጨረሰው ለብቻው ነበር።