«ቡ» ሲገለበጥ

ከብስኩት ካርቶን ላይ «ቡ»ን በመቀስ ቆርጠው ያውጡና ጠረጴዛ ላይ ይገልብጡት። ቀኝ ጎኑ ላይ የነበረችው ጭረት ወደ ግራ ትዞርና «ብ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ረጅም ቀኝ እግር ያለውን «ባ» ቢገለብጡት ደግሞ «ቦ» ይወጣል። በ«ሰ» ረድፍም ነገሩ ያው ነው፤ «ሱ» ከ«ስ»፣ «ሳ» ከ«ሶ» ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። አዋቂ ይህን ሳያስተውል ዕድሜ ልኩን ሲያነብ ይኖራል። ፊደል የሚቆጥር የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ግን የሚደናቀፈው እዚሁ ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለኬጂ ልጆች የእጅ ሥራ የምታዘጋጅ መምህርትም ሥራዋን ከዚህ ብትጀምር ይቀናታል።

ልጁ የሚሳሳተው ሰንፎ አይደለም። በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ከዛፍ ጥላ ሥር የቆመ ሰው፣ ባጃጅ ከግራም ይምጣ ከቀኝ ባጃጅነቱን አይጠራጠርም። አንጎል አንድን ነገር በየትኛውም ጎኑ ቢያየው ያው ነገር መሆኑን እንዲያውቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ መንገድ መሻገር ራሱ መከራ በሆነ ነበር። ፈረንሳዊው የአንጎል ሳይንቲስት ስታኒስላስ ዴሃን እንደሚያስረዳው፣ ጽሑፍ ከተፈለሰፈ ገና አምስት ሺህ ዓመት ገደማ ስለሆነው ለንባብ ብቻ ተብሎ የተፈጠረ የአንጎል ክፍል የለንም። ማንበብ የሚማር ልጅ ፊትንና ዕቃን ለመለየት ከሚያገለግለው ስፍራ ላይ፣ በግራው የአንጎል ክፍል ከኋላ ወደ ታች ካለው፣ ከፊሉን ወስዶ ለፊደል ያውለዋል። ስፍራው ታዲያ የቀድሞ ልማዱን ይዞ ይመጣል፤ ግራና ቀኙን እንደ አንድ ያያል። ስለዚህ ፊደልን በመስተዋት እንደሚታይ ገልብጦ መጻፍ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ድረስ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ወላጅ ሊደነግጥበት አይገባም።

ልማዱን የሚሰብረው ራሱ ፊደሉ ነው። በደቡብ ሕንድ የሚጻፈው የታሚል ፊደል እንደኛው አናባቢውን ተነባቢው ላይ የሚቀጥል ሲሆን፣ በግራና ቀኝ መገልበጥ ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ሆሄያት ግን የሉትም። ኢቭ ዳንዚገርና ኤሪክ ፔደርሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ታሚል ብቻ የሚያነቡ ሰዎች አንድን ሥዕል ከተገለበጠ መንትያው ለመለየት የላቲን ፊደል ከሚያነቡት ይልቅ ተቸግረው ተገኝተዋል። የኛን ልጅ ግን «ቡ»ና «ብ» ግራና ቀኙን እንዲለይ ያስገድዱታል። እንግሊዝኛ የሚማረውንም «ቢ»ና «ዲ» የሚባሉት ትንንሽ ሆሄያት እንዲሁ።

ታዲያ የትኛው የእጅ ሥራ ነው የሚረዳው? በብዙ ኬጂዎች የተለመደው፣ መምህርቷ አንድ ትልቅ ፊደል በወረቀት ላይ ትስልና ልጆቹ ባቄላ ወይም የባቢሌ ኦቾሎኒ ልጣጭ በሙጫ ይለጥፉበታል። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፤ ወላጅም ይደሰታል። እኔ ግን ብዙም አላምነውም። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያስብ የቆየው ስለ ሙጫው ነው፤ የ«ቡ» ጭረት በየት በኩል እንደወጣች አንዴም አልጠየቀም። ፊደሉን የሠራችውም መምህርቷ ነች።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ካሪን ጄምስና ሎራ ኤንገልሃርት ገና ማንበብ ያልጀመሩ፣ አምስት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆችን ፊደል በሦስት መንገድ አለማመዱ፦ አይተው በነጻ እጅ መጻፍ፣ በነጠብጣብ የተሠራ ቅርጽ ላይ መከተል፣ በኮምፒውተር ቁልፍ መምታት። ከዚያ በኤም አር አይ ሲያዩአቸው፣ በአዋቂ ዘንድ ንባብን የሚያካሂዱት የአንጎል ስፍራዎች ከሁሉ በላይ የነቁት በነጻ እጅ በጻፏቸው ፊደላት ላይ ነበር። ከቁልፉ መብለጡ ብዙም አያስደንቅም፤ ከነጠብጣቡ መብለጡ ግን ኬጂ ለሚያስተምር ሰው ትልቅ ዜና ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት እንዲህ ነው፦ በነጻ እጅ የተጻፈ ፊደል አንዴ ይጣመማል፣ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይተኛል። ልጁ የራሱን ብልሹ «ቡ»ዎች ደጋግሞ ሲያይ የትኛው ክፍል ቢለወጥ ችግር እንደሌለው፣ የትኛው ደግሞ ሊነካ እንደማይገባው ይለያል። በፈረንሳይም ፍሎረንስ ባራና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ ከፍ ብለው የተሠሩ ፊደላትን በጣታቸው እየዳሰሱ የተማሩ የአምስት ዓመት ልጆች በዓይን ብቻ ከተማሩት ይልቅ አዳዲስ ቃላትን ወደ ማንበብ መቅረባቸውን አሳይቷል።

ለነጻ እጅ ድሬዳዋ የታደለች ናት። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ አሸዋ የሚባል ሰፈርና ገበያም አለ። ወንዙ ግን የሚታመን አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏልና አሸዋው ወደ ልጆቹ ይምጣ እንጂ ልጆቹ ወደ አሸዋው አይሂዱ። በወንፊት ይነፋል፣ ይታጠባል፣ በድሬ ፀሐይ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይደርቃል። ትሪ ላይ ደማቅ ወረቀት ተነጥፎ አሸዋው በስሱ ይበተናል። ልጁ በጣቱ ሲጽፍ ከሥር ያለው ቀለም ፊደሉን ያሳያል፤ ሲሳሳት ትሪውን ይነቀንቃል፣ ስህተቱም ይጠፋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ልጆቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ይቀመጡ። ፊት ለፊት ከሆኑ አንዱ የሌላውን ፊደል የሚያየው ተዘቅዝቆ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከማሽላ አገዳ ነው፤ ሐረርጌ ላይ አገዳ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። እኩል የተቆረጡ ሁለት እግሮችና አንድ ጣሪያ «በ»ን ይሠራሉ። አንዲት አጭር ቁራጭ ቀኝ እግር ወገብ ላይ ስትገባ «ቡ»፣ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ «ቢ»፣ ጫፉ ላይ በቀለበት ስትተካ «ቤ»፣ ወደ ግራ ስትሻገር «ብ»። ቀኙ እግር በረጅም አገዳ ሲተካ «ባ»፣ ግራው ሲተካ «ቦ»። ልጁ ሰባት የተለያዩ ቅርጾችን አላጠናም፤ አንዲት ቁራጭ የት እንደምትገባ ነው ያወቀው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን አካባቢ፣ አናባቢ ያልነበረው የግዕዝ ጽሕፈት አናባቢ ሲጨመርበት የተሠራው ሥራ በእጁ ተደገመ ማለት ነው። የካርቶን ፊደል የሚመርጥ ደግሞ ፊቱን ብቻ ቀይ ይቀባው፤ ቀዩ ካልታየ ተገልብጧል።

በ«በ» መጀመር ከ«ሀ» የሚሻልበት ምክንያት አለ። «ሀ» እና «ሃ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ልጁ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያልተለመደውን ነገር ከሕጉ በፊት ያገኘዋል። በዚያ ላይ ሀሁ ዜማ ነው፤ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ አንዲት ፊደል ሳያይ ሊያንበለብለው ይችላል። የኔታ ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ለዚህም ነው ከሀሁ ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን የሚያፈርሰው አቡጊዳ፣ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚመጣው። ቋንቋ አጥኚው ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ስም ወስዶ የእንዲህ ዓይነት ፊደላት ሁሉ መጠሪያ አድርጎታል። የአገዳውም ጨዋታ ሰኞ በቅደም ተከተል ከሄደ ማክሰኞ ይዘበራረቅ።

ሥዕል ለመምረጥ ድሬ በ«በ» ረድፍ ሞልታለች፦ በቆሎ፣ ቡና፣ ቢላ፣ ባቡር፣ ቤት፣ ብርቱካን፣ ቦምቦሊኖ። ነገር ግን በዚህች ከተማ አንዱ ልጅ ከቤቱ ኦሮምኛ፣ ሌላው ሶማልኛ ይዞ ይመጣል። ቡና ለሁሉም ይሠራል፤ በኦሮምኛ ቡና፣ በሶማልኛ ቡን ነው። ባቡር ግን ያሳስታል፤ ሶማልኛ ተናጋሪ ልጅ «ባቡር» ሲባል የሚታየው መኪና ነው፣ ባቡርን «ተሬን» ይለዋል። ስለዚህ መምህርቷ ሥዕሉን ከመስቀሏ በፊት ልጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ትስማ።

ከዚህ የሚከብደው ጆሮ ላይ ያለው ችግር ነው። ሶማልኛ እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች ስለሌሉት፣ ያ ልጅ «ተ»ን እና «ጠ»ን አንድ አድርጎ ሊሰማ ይችላል። ለዚህ ሁለት ባዶ የወተት ቆርቆሮና የተቆራረጡ ሥዕሎች ይበቃሉ፦ ተራራ፣ ተኩላ፣ ጠርሙስ፣ ጠረጴዛ። ልጁ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራና ወደ አንዱ ቆርቆሮ ይጥለዋል፤ ሲሳሳት መምህርቷ ሁለቱን ድምፆች አስከትላ ትደግምለታለች። ይህ ጨዋታ «ጠ» በአሸዋው ትሪ ላይ ከመጻፉ ቢያንስ ጥቂት ቀናት ይቅደም።